የጀመረችው ትጨርሰው

ኅዳር 12፣ ከሰዓት በኋላ
ከሆስፒታል አልጋ ላይ

ለውዷ ልጄ፣ ለዶክተሬ፣

ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ነው የሚጀመረው። እኔ ግን ደህና የሆንኩት ገና ትናንት ስለሆነ ያለፈውን ሳልነግርሽ እንዲያ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እናትሽ «ልጅቷን አታስጨንቃት» ብላ ከልክላኝ ነበር። በኋላ ግን በአፍ በሚገባው የካሜራ መሣሪያ ያከምሻት ሴትዮ ታማብሽ እንደተኛች፣ አንቺም ደንግጠሽ ሁለተኛ መሣሪያውን አልነካም፣ ክፍሏም አልገባም ማለትሽን ነገረችኝ። ከዚህ ወዲያ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ነው እዚህ የመጣሁት። የሐሞት ጠጠር ቱቦው ውስጥ ተቀርቅሮ ኖሯል። «በአፍዎ ቀጭን ካሜራ አስገብተን እናወጣዋለን» ሲሉኝ ደረቴን ነፋሁ፤ ይህማ የልጄ ሥራ ነው። አጠገቤ ለተኛው ጡረተኛ ሹፌር፣ ልጄ ይህን ስትሠራ እኔ መርፌ ላይ ክር እንደማስገባው ነው፣ ቅንጣት አያምም ብዬ ጉራዬን ነዛሁበት።

ጠጠሩ ወጣ። ወደ ማምሻው ግን ከሆዴ እስከ ጀርባዬ የሚሰነጥቅ ሕመም ያዘኝ። ከዚያ ሁሉ ጉራ በኋላ በምን አፌ ልጩህ? ሙያሽን የማሰድብ መስሎኝ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሼ ተኛሁ፤ ነርሷ ስትጠይቀኝም «ሰላም ነኝ» አልኳት። ያጋለጠኝ ሹፌሩ ነው። «እኚህ ሰው እየዋሹሽ ነው፤ ላባቸውን እዪ» አላት።

ሰው ሲናደድ ቆሽቴ አረረ ሲል እሰማ ነበር፤ የእኔ ግን በካሜራው ሰበብ አብጦ የእውነት አረረ። ያከመችኝ ሐኪም፣ ያንቺ እኩያ ናት፣ እየሮጠች መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ይህ የመጣው እኔ ከሠራሁት ነው። ተጠንቅቀንም አንዳንድ ሰው ላይ ይደርሳል። እስኪሻልዎ ከአጠገብዎ አልጠፋም» አለችኝ።

በማንም አላሳበበችም። ምግብ ተከልክዬ በግሉኮስ ስኖር በየጠዋቱ መጥታ ሆዴን ትዳስሳለች፤ እንቅልፍ ማጣቷን ዓይኗ ያሳብቃል። የሰው ሱሪ ስጠግን ኖሬ አሁን የራሴ ከወገቤ እየወረደ ነው። ቢሆንም፣ ጠጠሩን ባወጣችልኝ ቀን ካደነቅኋት ይልቅ ተመልሳ በመጣች ቀን ኮራሁባት። አባቷ ይህን ቢያይ ብዬ አሰብኩ።

«ሴትዮዋ ትጠላኝ ይሆን?» ብለሽ እናትሽን ጠይቀሻታል አሉ። እናትሽ ምን ታውቃለች? እንደ ሴትዮዋ አልጋ ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ። ቱቦው እንዳይዘጋ ያስቀመጡልኝ ትንሽ ፕላስቲክ ገና ሆዴ ውስጥ ናት፤ ወደፊት መውጣት አለባት። የክፍሉ ኃላፊ መጥተው «ከፈለጉ ሌላ ሐኪም እንመድብልዎ» አሉኝ። «የጀመረችው ትጨርሰው» አልኳቸው።

ልጄ፣ በምረቃሽ ቀን ኮርቼብሽ ነበር፤ ለሰው ሕመም እንዲህ ማዘንሽን ስሰማ ግን የበለጠ ኮራሁብሽ። የማይደነግጥ ሐኪም እኔን አይንካኝ። ያቺ ሴትዮም ይሄኔ በሩን እያየች ነው። ግቢላት።

እጅሽ ይባረክ፣ ልብሽ ይጽና።

ጉረኛው ልብስ ሰፊ፣ አባትሽ