በሠርግ ቀንም ወጀብ የሚል መርፌ

…ዝናቡም እርስዎ እንዳሉት መጣ። ነዶው አውድማው ላይ ተቆልሎ፣ ሰማዩ ብራ ሆኖ፣ እርስዎ ነፋሱን አሽትተው «ሸፍኑት» ሲሉ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ… ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ገባሁ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ የዘንድሮን ብርድ ቻለው? ዓይንዎስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላምታዬን በሰው እልካለሁ፤ መልሱ ከእናቴ እንጂ ከእርስዎ መጥቶ አያውቅም። ምርቃትዎን ሳልቀበል የወጣሁ እኔ ነኝና አልቀየምም።

ስለ አንድ ዕቃ ልንገርዎ። እዚህ ካርቱም የማገለግላቸው ሽማግሌ፣ ሓጅ ተውፊቅ፣ የድሮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ከአያታቸው የወረሱት የነሐስ ቀን መቁጠሪያ አለ። ቀንዳቸው የተቆለመመ ሁለት ፍየሎች ግራና ቀኝ ተሸክመውታል። ከታች ባሉት ትንንሽ መስኮቶች፣ በጎኑ ያለውን ቁልፍ ሲያዞሩት፣ ዕለቱ፣ ቀኑና ወሩ ብቅ ይላሉ። ማዞሩ የእኔ ሥራ ነው። ከላይ ክብ መስታወት አለ፤ በውስጡ ቀጭን መርፌ። ዙሪያውን ብራ፣ ለውጥ፣ ዝናብ፣ ወጀብ ተብሎ በፈረንጅ ተጽፏል። ሓጁ በየማለዳው በጣታቸው መታ መታ አድርገው ያዩታል።

አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ መርፌው ወረደ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ልብሱን አስገቢ» አሉኝ። እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ፤ አንድ ጊዜ ስቄ አይቼዋለሁ። ሰዓት ሳይሞላ ቀይ አቧራ እንደ ተራራ ቆሞ ከወንዙ ማዶ መጣ። ቀኑ ጨለመ። ገመዱ ላይ አንድ ጨርቅ አልቀረም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢስሚላህ ሳልል አልወለውለውም።

በምን እንደሚያውቅ ጠየቅኋቸው። አየር ክብደት አለው አሉኝ። አየር፣ አባቴ! እንደ እህል ይመዘናል፤ መርፌው ሚዛኑ ነው። እዚህ ቆላው ላይ ከባድ ነው፣ ወደ ደጋ ሲወጡ ይቀላል። ያን ከሰማሁ ጀምሮ ስተነፍስ ራሴን አዳምጣለሁ። ሰባት ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠው… ብቻ ይህንን አልጨርሰውም።

በጦርነቱ ቤቱ ሲዘረፍ ከሰል ጆንያ ውስጥ ደብቄ አተረፍኩት። አሁን የሓጁ ልጅ ዛሂራ ከካይሮ መጥታ ልትወስዳቸው ነው፤ ቤቱ ይዘጋል። ዕቃውን ለእኔ ሰጡኝ። ዛሂራ «ያባ፣ ቀኑም ዝናቡም ሞባይሏ ላይ አለላት» ብላ ሳቀችባቸው። እሳቸው ግን ጭንቅ ያዛቸው። ካርታ ገልጠው ወረኢሉን በጣታቸው ፈለጉና አንገታቸውን ነቀነቁ። «ሠሪዎቹ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ናቸው፤ ያንቺን አገር አላሰቡትም። ከፍታው ላይ ወላሂ በሠርግሽ ቀንም ወጀብ ነው የሚልሽ» አሉኝ። ከጀርባው ማስተካከያ ብሎን አለው፤ እሱም ቢዞር እስከ እኛ አገር አይደርስም።

እርስዎ ገድ ያያሉ። ስለዚህ አስቀድሜ ጻፍኩ። ከፈቀዱልኝ ረመዷን ሳይገባ እመጣለሁ። ደጃፍዎን ስረግጥ መርፌው ወጀብ ላይ ተጣብቆ ቢያዩት «የእሷ እግር ነው» አይበሉ። ከፍታው ነው። ከገዳሪፍ ከተማ ጀምሮ እያየሁት ነው የምመጣው፤ በወረደ ቁጥር ወደ እርስዎ መቅረቤን አውቃለሁ። ካልፈቀዱ ግን ይህን ደብዳቤ ላመጣልዎ ለሾፌሩ ለውብሸት ይንገሩት። መተማ ላይ ያገኘኛል፤ ከዚያ አላልፍም።

ልጆቹ እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። አክስቴ ሉጥፊያስ፣ ወገቧ ተሻላት? ወንድሜ ከቢር በቅሎዋን እንዳይሸጣት። ታናሽ እህቴ ሁስና ስወጣ ጥርሷ ገና መነቀሉ ነበር፤ አሁን ባያት አላውቃትም ይሆናል፤ እሷንም ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ሐምዲያ
ካፉሪ፣ ካርቱም
ማክሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2018

በነሐሱ መስኮት ላይ ግን፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ 10 ይላል። ዛሬ ሓጁ ራሳቸው አዞሩት። የሚወስዳቸው መኪና ደርሷል። መስታወቱን መታ መታ ሲያደርጉት ይሰማኛል። አሁን መምታታቸውን አቆሙ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።