ኮሶና ቆረቆንዳ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ቢምረው። ክረምቱ እንዴት ወጣልዎ? የጉልበትዎ ቁርጥማት ተወት አደረገዎት? የእናቴ ዓይንስ እንዴት ሆነ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ድምፅዎን ከማጣቴ በቀር የጎደለኝ የለም።

በደወልሁ ቁጥር «አባባ ደጅ ወጥተዋል» የሚለኝ ወንድሜ ካሴ ባለፈው ሳምንት እውነቱን ነገረኝ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ለሰፈሩ ኮሶ እየወቀጥሁ ከሰው ሆድ ትል ሳስወጣ፣ ልጄ ትል ቀላቢ ሆነች» ብለው አኩርፈውኛል አሉ።

ነገሩን ያበላሸው አንድ ቃል ነው። እዚህ በዕብራይስጥ «ሃይዳኪም» የሚሏቸው በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሉ። አማርኛው ቢጠፋኝ «ሆድ ውስጥ ላሉ ነፍሳት ምግብ እንሠራለን» አልሁዎ። ነፍሳት ስል የኮሶ ትል መሰለዎት። ማን ይፈርድብዎታል?

ገበሬው የሚጥለውን የበቆሎ ቆረቆንዳና የስንዴ ገለባ ወደ ፋብሪካችን ያመጡልናል። ፈጭተን፣ በትልቅ የብረት ጋን ቀቅለን፣ አጥልለን ስናደርቀው ጣፈጥ የሚል ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። ዳቦና እርጎ ውስጥ ይገባል። የሰው ሆድ ራሱ አይፈጨውም፤ የሚበሉት አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ደጎቹ ሃይዳኪም ናቸው። እናቴ ጠላ ስትጠነስስ ማንም ሳይነካው ጋኑ ውስጥ የሚፈላው፣ እርስዎም ጆሮዎን አስጠግተው «ነፍስ ዘራ» የሚሉት አለ አይደል? የእኛዎቹ የእነዚያ ዘመዶች ናቸው እንጂ የትል ወገን አይደሉም። አለቃዬ ኖፊት ኩርፊያዎን ብነግራት፣ ትል ብንቀልብማ እሷም እንደምታኮርፍ ነገረችኝ።

የላኩልኝ ኮሶ ከጎንደር በተመለሰችው በጎረቤቴ በታሚ እጅ ደርሶኛል። ቋጠሮውን ስፈታ የእጅዎ ሽታ መጣብኝና ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስሁ። ናፍቀውኛል፣ አባቴ። ሥራውን ልተወው አልችልም፤ ወድጄዋለሁ። እርስዎ እያኮረፉኝ ልሠራው ደግሞ አቅም የለኝም። ምርቃትዎን እፈልጋለሁ።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ካሴን እውነቱን ስለነገረኝ ያመስግኑልኝ፤ የአክስት ሕመም ይመስል ሲደብቀኝ ከርሞ ነበር። ሚስቱን ፍጹምንና ሕፃኗን፣ ላሚቱንም ጭምር ሰላም ይበሉልኝ።

ዓርብ ሰንበት ሳይገባ እደውላለሁ፤ ስልኩን እርስዎ ያንሱልኝ። ኮሶውን እስካሁን ያልጠጣሁት ንቄው አይደለም፤ እንደ ልጅነቴ አፍንጫዬን ይዞ የሚያጠጣኝ እዚህ ስለሌለ ነው።

ልጅዎ ሰብለወርቅ
አሽዶድ፣ ሮቫ ዳሌት
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.