እግሯ ሳይድን ከግቢ ትውጣ ስለተባለችው ውሻ

«ለቤት እንስሳ ሕክምና አቅም የሌለው ሰው እንስሳ ሊኖረው አይገባም። ስለሆነም ውሻ ወይም ድመት ያለው ማንኛውም ነዋሪ እንስሳውን በግል የእንስሳት ክሊኒክ የሚያሳክም ለመሆኑ ማስረጃ እስከ የካቲት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲያቀርብ፣ ያላቀረበ እንደሆነ ግን እንስሳው ከግቢው እንዲወገድ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»
(ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በሊፍቱ በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ቃል በቃል የተወሰደ)

ለወይራ ጥላ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ልደታ፣ አብነት

ክቡር ሰብሳቢና የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ከነቤተሰቦቻችሁ እንደምን ከርማችኋል? ለሁላችሁም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ለጉልበታችሁ፣ ሊፍቱ ከመስከረም ወዲህ ስለማይሠራ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከጉልበት የሚበልጥ ንብረት የለንምና። የሊፍቱ በር ቢያንስ ማስታወቂያ መለጠፊያ ሆኖ እንዲያገለግል ስላደረጋችሁት አመሰግናለሁ።

ስሜ ሀብተሥላሴ ይርዳው ነው። በአራተኛ ፎቅ የምኖር፣ ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት በላቦራቶሪ ውስጥ የመጠጥ ውኃ ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ መለካት ስለሆነ ሳልለካ መናገር አልወድም። ይህንን ደብዳቤ ከማስታወቂያችሁ ጎን በዚያው በር ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ለጋዜጣም እልከዋለሁ። ግቢያችንን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ስል ነገሩን ከመነሻው እንድተርከው ይፈቀድልኝ።

በግቢያችን ዱቤ የምትባል ቡናማ ውሻ አለች። ስሟን ያወጡላት የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሽ ቤካ ናቸው፤ ከየቤቱ ትበላለች፣ ለማንም አትከፍልም ብለው። ከሰባት ዓመት በፊት ቡችላ ሆና በበሩ ገባች፣ ጥበቃ ቤቱ ጥግ ተኛች፣ በዚያው ቀረች። ጥር 14 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በግቢው ውስጥ ቆሞ ያደረ አንድ ነጭ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የኋላ እግሯን ሰበረው። አሽከርካሪው ወረደ፣ ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ኋላ አየ፣ በመሐረብ ጠረገው፣ ተመልሶ ገብቶ ወደ ሥራው ሄደ። ይህንን በረንዳዬ ላይ ቆሜ ጥርሴን እየቦረሽኩ አይቻለሁ። አሽከርካሪው ማን እንደሆነ ለጊዜው ልተወው።

በምድር ቤት የሚኖሩት ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ፋብሪካ ጨርሰው በጡረታ የሚኖሩ የሰባ አራት ዓመት እናት፣ ልብስ የሚያጥቡበትን ሳፋ ይዘው ወጡ። ዱቤን ነጠላቸው ላይ አስተኝተው በሳፋው ውስጥ አኖሯት። ጋሽ ቤካ በሩን ጥለው መሄድ ስለማይችሉ፣ ሁለት ታክሲዎችም ውሻ አንጭንም ስላሉ፣ እኔ የሳፋውን አንድ ጆሮ ያዝኩ፣ እሳቸው ሌላውን ያዙ። በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ሦስት ሰዓት አረፈድኩ።

መጀመሪያ የሄድነው እናንተ ወደምትወዱት ዓይነት፣ ወለሉ የሚያበራ የግል ክሊኒክ ነው። በመቀበያው ያለችው ልጅ የጠየቀችው ቅድሚያ ክፍያ ከወይዘሮ ሠርካዲስ የሦስት ወር ጡረታ ይበልጥ ነበር፤ እኔም በዚያች ሰዓት በኪሴም በስልኬም አልነበረኝም። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እናቴ፣ ካልቻሉ መጀመሪያውኑ ባያሳድጉ ይሻል ነበር እኮ» አለቻቸው። ወይዘሮ ሠርካዲስ አመስግነዋት የሳፋውን ጆሮ አነሡ። ከዚያ ወደ መንግሥት የእንስሳት ሕክምና ሄድን፤ ተራ ጠበቅን፤ ዶክተር ኢፋ የሚባል ወጣት ሐኪም ስብራቱን መልሶ በስስ እንጨትና በጄሶ አሠረው። ማሠሪያው ስድስት ሳምንት መቆየት እንዳለበትና ውሻዋ እስከዚያ ከተኛችበት እንዳትነሣ ነግሮን በወረቀት ጽፎ ሰጠን። ከጥር 14 ጀምሮ ስድስት ሳምንት የካቲት 26 ላይ ያልቃል። እናንተ የወሰናችሁት የካቲት 15 ነው። ልዩነቱ አሥራ አንድ ቀን ነው። እንግዲህ በእነዚህ አሥራ አንድ ቀናት በሦስት እግር የማትቆም ውሻ ከግቢ ወጥታ የት እንደምትሄድ ኮሚቴው ሳያስብበት ይወስናል ብዬ ስለማልጠረጥር፣ ቅሬታዎቼን በታላቅ አክብሮት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ማስረጃው። ወይዘሮ ሠርካዲስ የዶክተር ኢፋን ወረቀት ከነማኅተሙ ይዘው ለኮሚቴው ጸሐፊ ለወይዘሪት ሶሲ አቅርበው ነበር። ወይዘሪት ሶሲ ወረቀቱን አንብባ፣ ማስታወቂያው «በግል» ስለሚል ይህ አይያዝም ብላ መልሳላቸዋለች። ለቃል ታማኝነቷ ላመሰግናት እወዳለሁ። ይሁንና መንግሥት ቀጥሮ ያስቀመጠው ሐኪም ያሠረው እግር በዚህ ግቢ እንደ ታሠረ የማይቆጠር ከሆነ፣ በመንግሥት ሆስፒታል የተወለድን ነዋሪዎችም እንደ ተወለድን መቆጠራችን ተጣርቶ እንዲገለጽልን እጠይቃለሁ።

2ኛ. ዱቤ የማን ናት? ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግሥት ለወይዘሮ ሠርካዲስ ብቻ በስማቸው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ በበራቸው ሥር ገብቷል። የውሻዋ ባለቤት እሳቸው መሆናቸውን ኮሚቴው በማስረጃ አረጋግጧል ይላል፤ ማስረጃውም የክትባት ደብተሯ ነው። ይህ ማስረጃ እንዴት እንደተወለደ ከክቡር ሰብሳቢ የተሻለ የሚያውቅ ባይኖርም ለአንባቢ ስል ልድገመው። ከአራት ዓመት በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጡ ባለሙያዎች ወደ ሰፈራችን መጡ። ኮሚቴው ያልተከተበ ውሻ በግቢው አይኖርም ብሎ ስለነበር ከየፎቃችን ወርደን ዱቤን ከበን ቆምን። መዝጋቢው የባለቤት ስም ጠየቀ። ሃያ ያህል ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም አጥንት የምንጥልላት፣ ሁላችንም በስሟ የምንጠራት። ሁላችንም የየራሳችንን ጫማ መመልከት ጀመርን። ክቡር ሰብሳቢ፣ ያን ጊዜ መጀመሪያ የተናገሩት እርስዎ ነበሩ፤ «ለፎርም ያህል ነው እኮ፣ አንድ ሰው ይፈርም» አሉ። ወይዘሮ ሠርካዲስ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ፈረሙ። እርስዎ አልፈረሙም። እኔም አልፈረምኩም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በገመድ እየሳቡ ወስደው ያስከተቧት እሳቸው ናቸው። ደብተሩ ላይ አራት ማኅተም አለ፤ ቆጥሬዋለሁ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያችን ውሻ አንድም ጊዜ ሐኪም ፊት ያቀረበ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ፤ ማሳከም አይችሉም ተብለው የተመረጡትም እሳቸው ሆኑ።

የራሳችሁ ቃለ ጉባኤ ደግሞ አለ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ሌቦች የውኃ ፓምፓችንን ነቅለው በአጥር ሊያሻግሩት ሲሉ ዱቤ ጮኻ ሕንፃውን በሙሉ ቀስቅሳለች። ቃለ ጉባኤው በተራ ቁጥር 4 ላይ «የግቢያችን ውሻ ባሳየችው ንቃት የማኅበሩ ንብረት በመትረፉ ኮሚቴው ደስታውን ይገልጻል» ይላል፤ ከሥሩም የአምስታችሁ ፊርማ አለ። ፓምፑን ስታተርፍ የግቢያችን ነበረች፤ እግሯ ሲሰበር የወይዘሮ ሠርካዲስ ሆነች። በዚህች ከተማ የአንዲት ክፍል ቤት ስም ለማዛወር ስንት ወር እንደሚያመላልስ የቀመሰ ሁሉ፣ እናንተ ያለ ማመልከቻና ያለ ምስክር በአንድ ጠዋት ስላከናወናችሁት የስም ዝውውር አድናቆቱን እንደማይነፍጋችሁ አምናለሁ።

3ኛ. በሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ታሥሮ የሚውል ትልቅ ጥቁር ውሻ አለ። የሰንሰለቱን ርዝመት ከበረንዳው ብረቶች ቁጥር አስልቼዋለሁ፤ ከአንድ ሜትር ከሃያ አይበልጥም። ባለቤቱ የግል ክሊኒክ ወረቀት ስላላቸው ማስታወቂያውን አሟልተዋል። ስለ ውሻው ግን የጠየቀም የጻፈም የለም።

4ኛ. የመጨረሻው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ኮሚቴው ቢመረምረው ደስ ይለኛል። በማስታወቂያችሁ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለውን ሐሳብ ከእናንተ በፊት የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ወይዘሮ ሠርካዲስ ለውሻዋ ሳንባ ገዝተው ሲገቡ ደረጃው ላይ አግኝቻቸው፣ ለራስዎ መድኃኒት ሳይበቃዎት የእንስሳ ዕዳ ለምን ይሸከማሉ፣ አቅም የሌለው ሰው እኮ ባይጀምረው ይሻላል ብዬ መከርኳቸው። የተማረ ሰው ምክር ነበር፤ በዚያን ቀን ራሴን አስደስቶኛል። እሳቸው ፌስታላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው ይህንን ብቻ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ እኮ አላመጣኋትም። መጣች። የመጣውን ምን ልበለው?»

ሐሳቡ በጠቅላላው ስሕተት ነው አልልም። እንስሳ ይዞ ሲታመምበት ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ባይዝ ይሻላል፤ ይህንን ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን ዓይን መጨፈንና ኪስ ባዶ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኔ በመለካት የኖርኩት ሰው ሁለቱን በአንድ መለኪያ ለክቻቸው ነበር። ከዚህም በላይ የረሳሁት ነገር አለ። ዱቤ ከወይዘሮ ሠርካዲስ እጅ ብትወጣ፣ አቅም ያለው ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ አይጠብቃትም። የሚጠብቃት አስፋልቱ ነው። ድሃ ባለቤትን ስናነሣባት የምንተካላት ሀብታም ባለቤት ሳይሆን ባዶ ቦታ ነው። አቅም ያለን ሁሉ እኮ በዚያ የክትባት ቀን እዚያው ቆመን ነበር፤ ጫማችንን እያየን።

ከትናንት በስቲያ ወይዘሮ ሠርካዲስ ዱቤን ከጥበቃ ቤቱ ጥግ ወደ ቤታቸው አስገብተዋታል። ማስጠንቀቂያው ከደረሳቸው ጀምሮ በራቸውን ከውስጥ ቆልፈው ነው የሚውሉት። ሳንኳኳ «ማነው?» የሚሉኝ እንደ ድሮው አይደለም። አንዲት የሰባ አራት ዓመት ሴት በገዛ ግቢዋ የኮሚቴ ሰው መጣ እንዴ ብላ እንድትሰጋ ያስቻለውን አመራራችሁን ለማመስገን ቃል አጣሁ፤ ስለዚህ ወደ ጥያቄዬ እሄዳለሁ።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። «እንዲወገድ» ያላችሁት በማን እጅ፣ በምን መንገድና ወዴት እንደሆነ፤ ተራ ቁጥር 4 ላይ የፈረማችሁባት ውሻና በማስጠንቀቂያው የተጠቀሰችው ውሻ አንድ መሆናቸውን ወይም አለመሆናቸውን፤ ሐኪሙ የጻፈው ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ማንም እንደማይነካት። ለሦስቱም በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ ከአምስታችሁ ፊርማ ጋር እስከ ማክሰኞ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ መልስ እንድትሰጡኝ አሳስባለሁ። በቃል የሚነገረኝን መልስ አልቀበልም፤ ለፎርም ያህል የተባለ ነገር መጨረሻው ምን እንደሚሆን ተምሬያለሁ።

እስከዚያው ድረስ አድራሻ እንዳትስቱ አንድ ነገር ላስታውቅ። ትናንት ጠዋት ከወይዘሮ ሠርካዲስ ጋር ወደ ዶክተር ኢፋ ሄደን፣ በክትባት ደብተሩ የባለቤት ስም ከሚለው ሥር፣ ከእሳቸው ስም ቀጥሎ የእኔን ስም ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ አራት ዓመት ዘግይቼ። ስለዚህ የሚቀጥለውን ማስጠንቀቂያ በእኔ ስም ጽፋችሁ በአራተኛ ፎቅ፣ በደረጃ፣ በእግር አምጡልኝ። በገጹ ላይ ዘጠኝ ባዶ መስመሮች ቀርተዋል። ደብተሩ ጋሽ ቤካ ዘንድ ነው፤ እስክሪብቶም አላቸው።

ለኮሚቴው ያለኝን፣ ልኩን በትክክል የማውቀውን አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ረጅም የሥራ ዘመንና ቀላል ደረጃ የምመኝላችሁ፣

ሀብተሥላሴ ይርዳው
የዱቤ ሁለተኛ ባለቤት
ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሠርካዲስ፣ ምድር ቤት (በሩን ሳናንኳኳ በበሩ ሥር የሚገባ)
ለጋሽ ቤካ፣ ጥበቃ ቤት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ክቡር ሰብሳቢ፣ ባለፈው ዓመት በእርስዎ ትእዛዝ ጥበቃ ቤቱ ወደ ግቢው የሚገባና የሚወጣ መኪና ሁሉ በሰዓቱና በታርጋው እንዲመዘገብ ተደርጓል፤ ጋሽ ቤካ መዝገቡን በሚያስመሰግን ጥንቃቄ ይጽፉታል። ጥር 14 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ከግቢው የወጣ መኪና አንድ ብቻ ነው። ታርጋውን እዚህ አልጻፍኩትም፤ እርስዎ በቃልዎ ያውቁታል። ስለዚህ የእርስዎን መርሕ በአክብሮት ተውሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር፦ የገጨውን ለማሳከም አቅም የሌለው ሰው መኪና ሊኖረው ይገባል ወይ? ይህንንም በጽሑፍ፣ እስከ የካቲት 10።