ከተማችን ከሰረች ሲሉን

ለውድ እህቴ ለኮርኔሊያ፣

እታለሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ የአላስካን ብርድ እንዴት ቻለው? ባለቤትሽን ኤቨሬትንስ ሳሉ ለቀቀው? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ማለት ይህ ከሆነ። በስልክ ምን እንደ ሆንን ስትጠይቂኝ አፌ የተሳሰረው ልደብቅሽ ብዬ አይደለም። ለራሴም አልገባኝ ብሎ ነው።

ሰው ሲከስር አውቃለሁ፤ መንገድ ዳር ያለው ጫማ ቤትም ሲከስር አይቻለሁ። ከተማ ከሰረ ሲሉኝ ግን ምኑን ዘግቶ የት ሊሄድ ነው አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ የነዳሁለት ካርቨር ፎልስ ፍርድ ቤት ሄዶ የጡረተኞቼን አበልና ሕክምና መክፈል አቃተኝ አለ። ከዚያ ጡረተኞቹን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰበሰቡንና አንድ ጠበቃ ሊያስረዳን ተነሣ። የከተማውን ውኃ አንድ የግል ኩባንያ ለአርባ ዓመት ይከራየዋል፤ በኪራዩ አበላችሁ ሳይነካ ይቀጥላል፤ የሕክምናው ግን ይቀነሳል አለን። ካልተቀበላችሁ ዳኛው አበሉንም ሊቆርጠው ይችላልና ድምፅ ስጡበት አለ። የቀድሞው እሳት አጥፊ ሚስተር ኦርቪል ብድግ ብለው፣ “ልጄ፣ የምታከራዩት ወንዙን ነው ወይስ ቧንቧውን?” ሲሉት አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ጠበቃው ብዙ መለሰላቸው። መልሱ የገባው ሰው ግን አላየሁም።

ለእኔ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ቤቴ ገባ። ልጄ ዴዝመንድ የከተማው ውኃ ሠራተኛ መሆኑን ታውቂያለሽ። ኩባንያው ሲመጣ ሠራተኞቹ ከከተማው ወጥተው ባነሰ ደመወዝ የእሱ ቅጥር ይሆናሉ ተባለ። እሺ ብል የልጄን እንጀራ መዝጋቴ፣ እምቢ ብል የራሴን ጉሮሮ። ምን ላድርግ ስለው፣ የራስሽን ነገር ራስሽ ታውቂያለሽ፣ በእኔ አታሳቢ ብሎኝ ሾርባውን መጠጣቱን ቀጠለ። ላረጀ ሰው ትንሽ ይበቃዋል ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር የአልቀበልም ድምፅ ሰጠሁ።

ውጤቱ ሲነገር እሺ ያሉት በለጡ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ሳላውቅ በር ላይ ቆሜ ሳለ፣ ሚስተር ኦርቪል እጄን ይዘው ልጅሽ ይባረክ አሉኝ። ለካ ዴዝመንድ ከሥራ በወጣ ቁጥር የጡረተኛውን በር ሁሉ እያንኳኳ፣ “እሺ ብላችሁ እናቴን አስቡልኝ፣ እኔ ገና ጉልበት አለኝ” ሲል ከርሟል።

ቤት ስገባ ልቆጣው ነበር። እንዴት እንደ መረጥኩ ስነግረው ግን ሳቀ። “ታዲያ ድምፅሽን የሻርኩብሽ እኔ ነኛ፣ እማዬ” አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ሳቄ መሀል እንባዬ መጣ።

አሁን የኩባንያውን ኮፍያ አድርጎ እዚያው ቧንቧ ላይ ይሠራል፤ ደመወዙ ግን ወርዷል፣ የውኃ ሂሳባችንም ጨምሯል። የእኔ አበል በየወሩ ይገባል፤ የስኳር መድኃኒቴን ከዚያው ላይ እገዛለሁ። ተረፍኩ ወይስ ተጎዳሁ? ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ኤቨሬትን ስለ እኔ አቅፈሽ ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹን ግዌንና ሞሪስን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ዴዝመንድም እጅ ይነሣል።

አንድ ነገር ብቻ አማክሪኝ። ኩባንያው እንደ ከተማው ዕድሜ ልክ የሚከፈል ጡረታ የለውም። የእናቱን ጡረታ ያተረፈውን ልጅ፣ እሱ ሲያረጅ ማን ይጦረዋል፣ እታለሜ?

ታናሽሽ ቬርና
ካርቨር ፎልስ፣ ሚሺጋን
ኦክቶበር 9 ቀን 2015 እ.ኤ.አ.