ሲንኳኳ የምንተኛ ሰዎች

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ እንደ ልማዱ ይቆረጥምሃል ወይስ ዘንድሮ ማረህ? እማዬ ዓይኗ ተሻላት? እትዬስ ያንተን ንጭንጭ ችላ እንደምን ከረመች? ሚጣስ ቁመቷ የት ደረሰ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እግሬም ያው እግሬ ነው፤ አልተሻለውም፣ አልባሰበትም፣ ተላምደናል።

ጋሼ፣ ይህን የምጽፍልህ ቃሌን ማፍረሴን ልነግርህ ነው። ቁጣህን ደብዳቤው እስኪያልቅ ያዝልኝ።

አንተ ከጣሪያ ወድቀህ አናጺነትህን በተውክ በዓመቱ እኔን አውቶቡስ ሲገጨኝ፣ የአካል ጉዳት ድጎማውን እንዳገኝ መንገዱን ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ያኔ ያስማልከኝንም አልረሳሁም። «ከድጎማ ቢሮ ሰው ከመጣ ተኝተሽ ጠብቂ። ስትሠሪ ካዩሽ ይቆርጡብሻል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳትባይ» ብለኸኝ ነበር። አራት ዓመት ቃልህን ጠበቅሁ። መቼም አንተን አልዋሽም፣ ሙሉ በሙሉ አልጠበቅሁም። በሬን ዘግቼ የጎረቤት ሱሪ አሳጥር፣ ዚፕ እቀይር ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን ስፌት መኪናዬን በብርድ ልብስ ሸፍኜ አልጋዬ ውስጥ ዘው እል ነበር። አንካሳ እንዲያ ሲፈጥን ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር።

የካቲት ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተንኳኳ። እንደ ልማዴ ተኝቼ በታመመ ድምፅ «ይግቡ» አልኩ። የገባችው የድጎማ ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ዶሴ የታቀፈች፣ ጫማዋ አቧራ የጠጣ ጎልማሳ ሴት። ሕመሜን አንድ በአንድ ስዘረዝርላት ዶሴዋን ሳትከፍት ሰማችኝ። ስጨርስ ከትከሻዬ ላይ አንድ ሰማያዊ ክር አነሣች። ጣቷ ላይ እየጠቀለለችው፣ «እኅቴ፣ ዛሬ አሥራ አንድ በር አንኳኩቻለሁ፤ አሥራ አንዱም ቤት ሰው ተኝቶ ነው ያገኘሁት። እኔ የመጣሁት ግን ልቆርጥባችሁ አይደለም» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለካ የሥራ ፕሮግራም መኖሩን ልትነግረን ኖሯል የምትዞረው! ድጎማ የሚቀበል ሰው መሥራት ከፈለገ ሥራ ያፈላልጉለታል፤ ቦታውንም እንደ ጉዳቱ ያመቻቹለታል። ስድስት ወር ሲሞክር ድጎማው አይነካም። ካልሆነለትም ያለ አዲስ ማመልከቻ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ደመወዙ ሲያድግ ድጎማው ቀስ እያለ ይቀንሳል እንጂ ባንድ ጀንበር አይቋረጥም። የሚያስጠይቀው መደበቅ ብቻ ነው አለችኝ። ማስታወቂያው ቢሮው በር ላይ ከተለጠፈ ሦስት ዓመቱ ነው። እኛ ደግሞ እንዳያዩን በዚያ በር አጎንብሰን ነው የምናልፈው።

ወዲያው አላመንኳትም፤ ያንተ እኅት አይደለሁ? ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጪ አልኳት። አመጣች።

ይኸው አሁን ሆስፒታል፣ ልብስ ክፍል እሠራለሁ። የተቀደደ አንሶላ እጠግናለሁ፣ የሐኪሞች ጋውን ላይ ቁልፍ እተክላለሁ። ክፍሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ነጭ ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። መጀመሪያ ቀን የጥገና ሠራተኛው፣ አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ፣ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ፈትቶ በደህናው በግራ እግሬ በኩል ገጠመልኝ። የያዘው ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ ነው የጨረሰው። አራት ዓመት የተኛሁት ለዚህች ነው ወይ ብዬ ሳስብ ዕንባዬ መጣ። እሱ ያበላሸው መስሎት መልሶ ሊፈታው ነበር።

ሁሉ ነገር ማር ነው አልልህም። በሁለተኛው ሳምንት እግሬ አብጦ ሦስት ቀን ቀረሁ። አለቀልኝ፣ ከሁለት ያጣሁ ሆንኩ ብዬ ነበር። ያባረረኝ ግን የለም፤ ሰዓቴን አሳጠሩልኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ባለፈው እሑድ ሚጣ በስልክ ምን አለችኝ መሰለህ? «አክስቴ፣ አባዬ ድሮ ሲንኳኳ ነበር የሚተኛው፤ አሁን ማንም ሳያንኳኳም ይተኛል» አለችኝ። ልጅቷን አደራ እንዳትቆጣት። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድልህ አለኝ። የሚጠብቀን ብልሃት ያገኘን መስሎን ነበር፤ ስንተኛ ስንተኛ ማስመሰላችንን ረሳነው። ወገብህ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ጣሪያ ላይ ውጣም አልልህም። ግን እንጨት በዓይኑ ለክቶ አንድ ጣት የማይስት ሰው፣ ወገቡ ቢሰበር ዓይኑም ተሰበረ? ተቀምጦ የሚለካ፣ ተቀምጦ የሚያስተምር አናጺም ይፈለጋል። ሠራተኛዋ እናንተ ጋ ያለው ቢሮም ያው ደንብ እንዳለው ነግራኛለች። «አድራሻውን ስጪኝና ሰው ይሂድለት» ስትለኝ ግን እምቢ አልኩ። ሰው ከመጣማ ትተኛለህ።

ስለዚህ እኔው እመጣለሁ። ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። ከአደጋው ወዲህ ከዚህ ከተማ ወጥቼ አላውቅም፤ ዛሬም አውቶቡስ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ቢሆንም ቲኬቴን ቆርጫለሁ፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀትም ይዣለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለእትዬ፣ ልሰፋላት ቃል የገባሁትን ቀሚስ አልረሳሁም በላት። ሚጣን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ አፏን የሚዘጋባት እንዳይኖርም።

ግንቦት ሃያ ስምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በርህ ይንኳኳል። ሌላ ሰው እንዳይከፍትልኝ ንገርልኝ። አንተው ተነሥተህ እስክትከፍት እጠብቃለሁ፤ ብዙ መቆም እንደማልችል ግን ታውቃለህ።

ታናሽ እኅትህ

ከሆስፒታሉ ልብስ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ግንቦት 9 ቀን