ኩርፊያ የመሰለ መቆራረጥ

ይድረስ ለአንድ ወንድሜ፣ ለማሙሽ፤

ሰላምታዬ ከእጄ ወጥቶ እጅህ እስኪገባ ድረስ ሙቀቱ ሳይበርድ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ዳቦ ቤት ምድጃ ፊት ሲቆም የሚውለው ወገብህስ? ክንድህ ላይ ያለው ቃጠሎ ሻረ? ምራታችንስ እንዴት ናት? እግሯ ያብጣል ብለሃል፤ ስትቀመጥ ከፍ ታድርገው፣ ከባድ ነገርም አታንሳ። ምግብ አልበላ ካላት አትጨቅጭቃት፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ስለ እሷ የማጫውትህ ብዙ ስለሆነ ተረጋግተህ ተቀመጥና ከላይ ወደ ታች አንብበው። አመልህን ስለማውቅ ነው፤ ገልብጠህ መጨረሻውን እንዳታይ።

በዚህ ዘመን ወረቀት መላኬ ሳያስቅህ አይቀርም። ምን ላድርግ? ከዚያ የድምፅ መልእክትህ ወዲህ ስደውል ሥራ ላይ ነኝ እያልክ ትዘጋብኛለህ፤ የምጽፍልህንም አይተህ ዝም ነው። አንተ ሆደ ባሻ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ሲከፋህ በር ዘግተህ ትተኛለህ። የአኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል እየተባልክ አድገህም አልተማርክ። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ ቢያንስ ፖስታውን ቀደህ ማየትህ አይቀርም ብዬ ነው።

መልእክትህን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ልጅ ልንወልድ ነው፣ ስሙን አንቺ አውጪልኝ ብዬ ለመንኳት፣ እሷ ግን ብርድ ስለሆነ ደርበህ ልበስ ብላኝ ተነስታ ሄደች አልከኝ። ሳታይልኝ በማግባቴ እስካሁን አኩርፋለች፣ እንግዲህ እኔም አላስቸግራትም አልክና ዘጋህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ስሰማ ደስታው ከንዴቱ ጋር ተደባለቀብኝ። አክስት ልሆን ነው ብዬ እልል ልበል ወይስ እማዬን ልቆጣት?

ከእናንተ ወሬ ያጎደለኝ ሥራዬ ነው። አንተ በላፕቶፑ በምስል ስትደውል የደንበኛ ካፖርት ላደርስ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ምን አለሽ ብላት፣ ምንም፣ ፊቱ ደርቆ ቀረ አለችኝ። መልእክትህን ከሰማሁ በኋላ ግን በኢንተርኔት ማሳበቧ ማምለጫ መሰለኝ። እንደ ልማዴ የስፌት መኪናዬ ላይ እንዳጎነበስኩ፣ ጀርባዬን እንደሰጠኋት፣ ያፈነዳሁትን አትጠይቀኝ። እስከ መቼ ነው የምታኮርፊው? የልጅሽ ልጅስ ምን በደለሽ? እያልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አይደል የሚባለው። ዞር ብዬ ባያት ከጨርቁ ላይ ክር እየለቀመች ነው፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። በቃ፣ አንተ ያልከው እውነት ነው አልኩ። ራሷ እስክታነሳው ድረስ አላነሳም ብዬ እኔም አኮረፍኩ። ቤታችንን ታውቀው የለ? ኩርፊያ እንደ ጉንፋን ነው የሚተላለፈው።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ፊት ለፊት ካገናኘኋችሁ ትታረቃላችሁ፤ ለመገናኘት ደግሞ ያ የማይረባ ዋይፋይ መስተካከል አለበት። ሌላው ቢቀር ሰበብ እንዳይሆናችሁ ብዬ ተነሳሁ። ምልክቱን ስታየው ሞልቶ ተቀምጧል፣ ስትደውል ግን ምስሉ ይደርቃል፣ ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ ይጠፋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ባለቤቴ ሹፌር አይደል፣ መፍትሔው ሁሉ እንደ አውቶቡሱ ነው፤ አጥፍተሽ አስነሺው ይለኛል። አጠፋሁ፣ አስነሳሁ። ላፕቶፑን ታቅፌ እንደሚያለቅስ ልጅ ከክፍል ክፍል ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ ሴቲንግ የሚባለው ውስጥ ገብቼ ስነካካ፣ ይህን ኔትወርክ ልርሳው ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። ምናልባት ቂሙን ይረሳ ይሆናል ብዬ እርሳው አልኩት። ወንድሜ፣ እውነትም ረሳው። ከዚያ ወዲያ ፓስወርድ አምጪ አለኝ፣ ፓስወርዱን ደግሞ ያስገባኸው አንተ ነህ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሲጨንቀኝ ሽቦን ጠራሁት። ሽቦን ታስታውሰዋለህ፣ ያ ከሲታ ጎረቤታችን፣ የቴሌቪዥን አንቴና ይሰቅል የነበረው፤ አሁን ኢንተርኔት ይሠራል። ፓስወርዱ ራውተሩ ሆድ ሥር ተጽፎ ይገኛል አለና የት አለ ብሎ ፈለገ። ከቡፌው ላይ ባገኘው ጊዜ መጀመሪያ ትራስ መስሎት ነበር። ለካ እማዬ ካፖርት ገበር ውስጡ ጥጥ አድርገሽ ሽፋን ስፊለት ብላኝ፣ እኔም አሳምሬ፣ በዚፕ፣ ዙሪያውን ጥልፍ ጣል አድርጌ የሰፋሁለት ነገር ነው። ሥራ የዋለ መኪና ይሸፈናል፣ አለበለዚያ አቧራ ይበላዋል የሚለው ክር ፋብሪካ ስትሠራ የያዘችው ሕጓ ነው። ሽቦ ዚፑን ከፍቶ እጁን ቢያስገባ ወዲያው አወጣው። እህቴ፣ ይሄ እኮ ተቀቅሏል አለኝ። ትንፋሽ ሲያጥረው ነው ለካ የሚዘጋብን። እማዬ ግን አሁንም ራቁቱን መሆኑ አልተዋጠላትም።

ሽፋኑ ከወጣ በኋላ ተሻለው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ሽቦ ተመልሶ መጣና ሲቋረጥ ምን እየሠራሽ ነበር ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር። እኔማ ምን እሠራለሁ፣ እተኩሳለሁ። ካውያውን የት ነው የምትሰኪው አለኝ። እዚያ ክፍል ያለው ሶኬት አንድ ነው፤ የላፕቶፑን ቻርጀር እነቅልና ካውያውን እሰካለሁ። ሽቦ ሳቀ። ቻርጀሯ ስትነቀል ላፕቶፗ ኃይል ልቆጥብ ብላ ዋይፋዩን ታስተኛዋለች አለኝ። ገብቶ እንዳታስተኛው አደረጋት፣ ለእኔም ማከፋፈያ ግዢ አለኝ፣ ገዛሁ። እንግዲህ ስንቱን ወሬያችንን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ የሰው ሱሪ ስተኩስ።

የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ሽቦ መስመሩን ልፈትነው ብሎ ስልኩን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ። እማዬን ላፕቶፑ ፊት አስቀመጥናት። መጀመሪያ ያለ ምስል በድምፅ ብቻ ደወለ። ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ እማማ እንደምን ዋሉ፣ ይሰማዎታል ወይ ይላል። እማዬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥቁሩን ስክሪን ታያለች። ደጋግሞ ጠራት፣ እሷ ዝም። ቀጥሎ ምስሉን ሲከፍተው፣ ፊቱ ብቅ ከማለቱ ፊቷ በራ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተ እንዴት ዋልክ፣ ይህን ልፋትህን አይርሳብህ እያለች መመረቅ ያዘች።

እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። እማዬ አልኳት፣ ሁልጊዜ በማወራበት ድምፅ። አልዞረችም። እማዬ፣ ቤቱ ተቃጠለ አልኳት። ለሽቦ ምርቃቷን ቀጠለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ ግን የእናቴ ጆሮ እንዲህ ባዳ እስኪሆንብኝ ድረስ አጠገቧ እየዋልኩ አላወቅሁም።

እንዴት አናውቅም አትበለኝ፣ አንተም አላወቅህም። ፋብሪካው ፈተል ክፍል ስትሠራ የነበረውን የነገረችንን አስብ። መኪናዎቹ ሲጮሁ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ሴቶቹ አንዷ የሌላዋን ከንፈር እያየች ነበር የሚያወሩት። አለቃቸው አጠገባቸው ቆሞ ሲያሙት ይውሉ ነበር አይደል? ያ ፋብሪካ ጆሮዋን ቀስ እያለ ሲበላው፣ በምትኩ የሰው ከንፈር ማንበብ አስተማራት። ፊት ለፊቷ ያለን ሰው ቃል አይስታትም። ስልክ ስናቀብላት አንቺው አውሪው የምትለን፣ በላፕቶፕ ካልሆነ የምትለን ለዚህ ኖሯል። አንተ ያን ዕለት ስትለምናት ድምፅህ ደርሷል፤ ምስልህ ግን ደርቆ፣ አፍህ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። እሷ የደረቀ ፎቶ ነው ያየችው። የጨረስክ መስሏት፣ እናት የምትለውን አለችህ፤ ደርበህ ልበስ። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ስጮህባት ክር መልቀሟ ንቀት አልነበረም።

ሽቦ ከሄደ በኋላ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ቀስ ብዬ፣ እማዬ፣ ልጅሽ ልጅ ሊወልድ ነው አልኳት። ስም አንቺ አውጪልኝ ብሎሻል። ከንፈሬን ትክ ብላ አየችና እስቲ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩላት። ቃሉ ጠፍቷት አይደለም፣ እንደገና ልታየው ፈልጋ ነው። መቼ ነው ያለው አለችኝ፣ ነገርኳት። እና እኔ ምን አልኩት? አለች። ደርበህ ልበስ አልሽው አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ እንባ ሆኖ ቀረ፣ ሁለታችንም ተያይዘን አለቀስን። ለምን ደበቅሽን ብላት፣ ልጅ ሩቅ አገር እያለ እናትህ ጆሮዋ ጠፋ ቢሉት ምን ይሠራል፣ ዳቦውን ከማሳረር በቀር አለችኝ። አሁን እንድጽፍልህ ፈቅዳለች። ጆሮ ሐኪም ጋም ወስጃታለሁ፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን የሚያግዝ ማዳመጫ ግን ይሰጣታል ብለውናል።

ስሙን እዚህ ላይ እጽፍልህ ነበር፣ እሷ ከለከለችኝ። ስም በአፍ ይሰጣል እንጂ በፖስታ አይላክም አለች። ለእኔም አልነገረችኝም። ትናንት ላፕቶፑ እንደተዘጋ ፊቱ ተቀምጣ ያለ ድምፅ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አገኘኋት፤ ለአንተ የምትለውን እየተለማመደች ነው። ላነበው ሞከርኩ፣ ከንፈሯ መግጠሙን ብቻ ነው የያዝኩት።

ስለዚህ ደውል። የእኛ በኩል ተስተካክሏል፣ ካውያውም ተነቅሏል፤ የቀረው የአንተ በኩል ነው። መስኮቱን ከጀርባህ አታድርገው፣ ፊትህ ይጨልምባታል። ብርሃኑ ከፊትህ ይሁን። አትጩህባት፣ መጮህ አፍን ያጣምማል፤ እንደ ወትሮህ አውራ። ምስሉ ከደረቀ አንተም ዝም በል፣ ሲንቀሳቀስ ቀጥል። ያንን ያሳደግከውን ጢም ደግሞ ከከንፈርህ ላይ አንሳው። ጢም ወንድ ያሳምራል ስትል የኖረች ሴት፣ ንገሪው፣ ግማሹን ቃል ጢሙ ነው የሚበላብኝ ብላለች። ምራታችንንም አጠገብህ አስቀምጣት፤ እማዬ ፊቷን አይታ ልትመርቃት ነው። ያላየቻት አኩርፋ ሳይሆን ምስሉ ስላላመጣላት ነው።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ አጥፍተህ አስነሳው ይልሃል፣ ምኑን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ልጄ ለአጎቷ ሰላምታ ከስዕል ጋር ልካለች፤ መሀል ላይ ያለው ትልቁ ራስ የአንተ ነው። ሽቦ እንኳን ደስ ያለህ ብሎሃል። ምራታችንን በእኔ ምትክ ጉንጯን ሳምልኝ።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን እያየች ነው፤ እኔ እንደምላት በትክክል ጻፊ አለችኝ፤ ይኸው፦ አላኮረፍኩም፣ ልጄ፤ አልሰማሁም ነው። በሰማሁ ቀን ስሙ አፌ ላይ ነበር።

እህትህ

ከእማዬ ቤት፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ
ሚያዝያ 19 ቀን