አንድ ጊዜ በዝምታ፣ አንድ ጊዜ በአፍ

የካቲት ፲፭ ቀን ፲፰፻፶፪፣ ረቡዕ

ሸማው ዛሬ ከሸማኔው ጉድጓድ ወጣ። አልሐምዱሊላህ! ከኅዳር ጀምሮ የፈተልኩት ክር ነው፤ ጣቴ እስኪላጥ። ባሌ ኑርሁሴን ደግሞ እዚያ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ መወርወሪያውን ሲወረውር ከረመ። የአንዲት ወይዘሮ ነው፣ ለፋሲካዋ ትለብሰዋለች። ዐርብ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል።

ጭቅጭቁም አብሮ አለቀ። ክር በተበጠሰ ቁጥር «ዘይኔ! ክርሽ ነው! ክርሽ!» ይላል። ከተጋባን ሃያ ዓመት አልፎናል። አንድ ቀን እንኳ የሱ እጅ አልበጠሰም! ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ወረቀቱ ላይ ግን እሱ ነው። ማን ያየኛል? አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ለንግዱ ብሎ የተማረውን ፊደል ለኔም አስቆጠረኝ። አፌም አያርፍ፣ እጄም አያርፍ…

ጧት ጎረቤቴ ትርንጎ እንደ ልማዷ እሳት ልትጭር መጣች። የአያ ጌጡ ሚስት ናት። ሸማውን ዳበሰችና «እንዲህ ያለ ብትፈትይልኝ ሃይማኖቴን እለውጥልሽ ነበር» አለች።

«ተይ፣ የነፍስ አባትሽ እንዳይሰሙሽ!»

«በሁዳዴ ምን ይስሙ፣ እሳቸውም ርቧቸዋል።»

ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም አፋችንን ያዝን። ቃል እንዲህ ሳይታሰብ ያመልጣል።

የካቲት ፲፯፣ ዐርብ

መጻፉ ያስፈራኛል። ግን ልጻፈው።

ኑርሁሴን ሸማውን አጥቦ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ አሰጣው። የሌሎችም ሸማኔዎች ሸማ ነበር። የጁምዓ ሰዓት ደረሰ። ወደ ጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሌሎቹ ያንን አይተው ከሸማቸው አልተነሡም። ኑርሁሴን ግን ጁምዓ አያስታጉልም። አያ ጌጡ ጓሯቸው እዚያው ወንዙ ዳር ነው። «አያ ጌጡ፣ ዓይንዎን ጣል ያርጉበት» ብሏቸው ሄደ።

በረዶው የወረደው ጉና ላይ ነው። እኛ ዘንድ ጠብ አላለም። ወንዙ ብቻ በድንገት ደፍርሶ መጣ። የቀሩት ሸማቸውን ሰበሰቡ። ኑርሁሴን ከሰላት ሲመለስ ሸማውም የለ፣ አያ ጌጡም የሉ።

እኔ ምሳ ይዤለት ወርጄ ነበር። በጆሮዬ ሰማሁት።

«እኔ ቤቱ ስሄድ እሱ ቤቴን ዘረፈኝ!» አለ። ወደ ሰማይ እያየ። ዝም በል ያሉትን ሁሉ እየገፋ ሦስት ጊዜ ደገመው። ሌላም ጨመረበት፤ እሱን አልጽፈውም። ቀጥሎ ስድቡን ወደ አያ ጌጡ አዞረ… «ያ ክርስቲያን ለፋሲካው ሊለብሰው ወስዶታል!»

ሰዉ ሁሉ ለሱ አዘነለትም ፈራለትም። ክሩ የኔ ነበር። «ዘይኔ፣ አይዞሽ» ያለኝ ማን አለ?

የካቲት ፲፰

ሸህ ጀውሀር አስጠሩኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ እኔን ሲያናግሩ መሬት መሬት ነው የሚያዩት።

«ልጄ፣ ያን ቃል እያወቀ፣ ወዶ ከተናገረው ከዲን አውጥቶታል። በሩ ግን ክፍት ነው። ይጸጸት፣ የእምነት ምስክርነቱን፣ ሸሃዳውን ይበል፣ ዳግመኛ ላይመለስበት ይቁረጥ። ኒካሁማ ፈርሷል፤ ባልና ሚስት አይደላችሁም።»

«ተቆጥቶ ነው እኮ፣ አባባ።»

«ቁጣው አእምሮውን ሰውሮት ነበር? የሚለውን አያውቅም ነበር?»

ምን ልበል? ቃሉን መርጦ ነው የተናገረው። ሦስተኛውማ ከመጀመሪያው ያማረ ነበር! ዋሽቼ ላድነው አሰብኩ… አልቻልኩም።

«ያውቃል» አልኩ።

የካቲት ፳

ቤቱ መካከል ላይ አሮጌ ጋቢ ሰቀልኩ። እሱ ከሸማ መሥሪያው ጋር ወዲያ፣ እኔ ከምድጃዬ ጋር ወዲህ። እህሉን ከጋቢው ሥር እገፋለታለሁ፤ ፀጉሬን ተሸፍኜ። ባዕድ ሰው ነዋ!

«አያቴ መስጊድ ያቆመ፣ እኔ እንደ አዲስ ገቢ፣ ሰው ፊት ቆሜ ሸሃዳ ልበል?» ይላል። «አላህ ልቤን ያውቀዋል።»

«ልብዎንማ ያውቀዋል። የኛን ጆሮ ምን እናድርገው?»

እህሉን ወደሱ ሳበው።

ረመዳን እየመጣ ነው። እንዲህ እንዳለ ቢሞትስ? ማን ያጥበዋል? ማን ይሰግድበታል?

የካቲት ፳፬፣ ዐርብ

ጁምዓ አልሄደም። ባዶው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ቁጭ ብሎ ዋለ።

የካቲት ፳፱

ቤቱ ጸጥ ብሏል። እንዝርቴን አሾራለሁ፣ የተነደፈ ጥጤን፣ ባዘቶዬን አሳሳለሁ። «ክርሽ ነው» የሚለኝ የለም። መወርወሪያ ከግድግዳ ጋር የሚያላትም የለም።

ልጻፈው? …ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከአባቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ አላውቅም። ሰውየው ከዲኑ ወጥቶ እኔ ደስ ይለኛል? ምን ዓይነት ሴት ነኝ?

ትርንጎ ግን እሳት ልትጭር መምጣት ተወች። ጭሷን አያለሁ፤ ከሌላ ቤት እየጫረች ነው።

መጋቢት ፭

አላስቻለኝም። ፍም በገል ይዤ እኔው ሄድኩ። በሩ ላይ ቆመች፣ ግቢም አላለችኝ።

«የሌባ ቤት ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«እኔ ብዬሻለሁ?»

«ባልሽ ብሏላ!»

«አሁን እንኳ ባሌ አይደለም…» አልኳት። ነገሩን ሳጫውታት ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ እሷም ዘረገፈችው። ለካ አያ ጌጡ ጎርፉ ሸማውን ሲያነሣው ተከትለው ገብተዋል! ውሃው ቋጥኝ አንከባልሎ እግራቸው ላይ ጣለባቸው። እየተጎተቱ በታች በኩል ወጥተው ቤት ሲገቡ የቀደማቸው ወሬው ነው። ሌባ ተብለዋል። አንዲት ቃል አልመለሱም። በማግሥቱ በበቅሎ አስጭናቸው ወንዛዬ ወረዱ፤ ፍል ውሃው እግራቸውን ቢያሽርላቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይጠይቅ! ራሱ መጥቶ ይጠይቅ ብዬ ነዋ።»

ፍሙ ገሉ ላይ አመድ ሆነ። ቢሆንም ተቀበለችኝ።

መጋቢት ፮

በጋቢው በኩል ነገርኩት። ሁሉንም፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ቆይቶ ድምፅ ሰማሁ… ሲያለቅስ ነው? ወይስ ጉንፋን ይዞት? አልገለጥኩም።

እህሉን አልነካውም።

መጋቢት ፲፬

ነገ ረመዳን ነው። ዛሬ ከአሱር ሰላት በኋላ ሸህ ጀውሀር ዘንድ ሄደ። እኛ ሴቶቹ ከአጥሩ ወዲህ ነበርን።

ሸሁ አልቸኮሉም። አንድ ሰው በረሃ ላይ ከነስንቁ ከነውሃው ግመሉ እንደ ጠፋችበት ነገሩት። ሞቱን ሲጠብቅ ግመሏ ራስጌው ቆማ ያገኛታል። ከደስታው ብዛት ምላሱ ተሳስቶ አላህን ጌታዬ ሊል ባሪያዬ አለ። «አላህ ወደሱ በሚመለስ ባሪያው ከዚያ ሰው ይበልጥ ይደሰታል» አሉ።

ኑርሁሴን ቀና አለ። «አባባ፣ የኔም ምላስ ተሳስቶ ነው ብልስ?»

«የዚያ ሰውዬ ምላስ አንድ ጊዜ ከደስታ ሳተ። ያንተ ሦስት ጊዜ ዒላማውን መታ።»

ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፣ አንገቱን ደፍቶ። ሳቁ መሐል ድምፁ ተሰበረ… ሸሃዳውን አለ። እንደ አዲስ ገቢ፣ ሰው ሁሉ ፊት። ከአጥሩ ወዲህ ነጠላዬን ነከስኩ።

በዚህ አላበቃም። ሸሁ «የአላህን ሐቅ አላህ ይምርሃል። የሰውየውን ሐቅ ግን ሰውየው ነው የሚምርህ» አሉት። ፊቱ ሲለወጥ ታየኝ። ይኼኛው ከበደው መሰለኝ።

መጋቢት ፲፱

ሌሊት ሱሑር በልቶ በእግሩ ወንዛዬ ወረደ። መንገደኛ ነህና ጾምህን ብታፈጥር ይፈቀድልሃል ብለውት ነበር። እንቢ አለ።

መጋቢት ፳፪

ተመለሰ። ከጋቢው ወዲያ ተቀምጦ አጫወተኝ። እንዲህ አጫውቶኝ ያውቃል? ትዝ አይለኝም።

አያ ጌጡ ራቁታቸውን እስከ ወገባቸው ፍል ውሃው ውስጥ ናቸው አሉ። ገና ሲያዩት «አሃ፣ እስላሙ! ሸማህን ፍለጋ ነው? እይ እንግዲህ፣ ለብሼው እንደሆነ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። የሚታጠበው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ከነልብሱ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ እግራቸውን ያዘ።

«ይማሩኝ አያ ጌጡ። ሌባ ያልኩ ሰው ፊት ሁሉ ዞሬ ውሸቴን ነው እላለሁ።»

ውሃ በእፍኛቸው ዘግነው ፊታቸውን ታጠቡ። በኋላ «እኔስ ምሬሃለሁ። ትርንጎን ግን እንጃልህ» አሉ። እሳቸውም ጿሚ፣ እሱም ጿሚ፤ የሚቀማመስ የለም። ጥላ ሥር ቁጭ ብለው እያዛጉ ዋሉ።

መጋቢት ፳፬

ሸህ ጀውሀር በደጃችን አለፉ። «እንግዲህ አዲስ ኒካህ ይታሰራል» አሉ።

«እሺ፣ መቼ?» አልኩ።

«መቼ እንደሆነማ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ። ለነገሩ ከፈቀድሽ ነው።»

«ያኔ ስዳር ማንም አልጠየቀኝም!»

«ያኔ ልጃገረድ ነበርሽ። ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች ዝምታዋ ፈቃድ ነው። ዛሬ ግን አግብተሽ የኖርሽ ሴት ነሽ። በአፍሽ ካልተናገርሽ አይታሰርም።»

«አይ ማለትስ እችላለሁ?»

«ትችያለሽ።»

ሄዱ። ደጃፉ ላይ እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

ሚያዝያ ፪

አይ ብልስ? ቤት የወንድሜ አለ። እንዝርት እንደሆነ የትም ይሾራል። ጸጥታውም አብሮኝ ይሄዳል።

አዎ ብልስ? ተመልሶ «ክርሽ ነው» ይለኛል? ለአላህ የተጸጸተ፣ ለአያ ጌጡ የተጸጸተ… ለኔስ? እኔንም ሰድቦኛል እኮ፣ ሃያ ዓመት፣ ጥቂት በጥቂት።

ዛሬ ከጋቢው ወዲያ ሆኖ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ውሃ ልቅዳ?» አለ። ሰላም ብሎ! ውሃ! ደንግጬ እንስራውን በጋቢው ሥር ገፋሁለት።

ሚያዝያ ፰

ፋሲካቸው ነው። አያ ጌጡ ትናንት ገቡ፣ በምርኩዝ። ኑርሁሴን ገበያ መሐል ቆሞ ቃሉን ፈጽሟል፤ ትርንጎም በጆሮዋ ሰምታለች። እኛ በጾም ስለሆንን «ደግሳችሁ አታስጎምጁን» ብልክባት ራሷ መጣች፣ ብብቷ ሥር አንድ ነገር ጠቅልላ።

የሸማው ቁራጭ! ከጥለቱ ጋር። አያ ጌጡ ከጎርፉ የነጠቋት ያችን ነው። እስካሁን አጥባ ደብቃት ኖሯል።

«ለሱ አይደለም» አለች። «ክሩ ያንቺ ነው።»

ያኔ አለቀስኩ። ወንዙ ዳር ያላለቀስኩትን ሁሉ።

ሚያዝያ ፲፮

ትናንት ኢድ ነበር። ዛሬ ኒካሁ።

ሸሁና ሁለት ምስክሮች በሩ ላይ ቆሙ። ኑርሁሴን ከኋላቸው፣ እንደ ኮረዳ አንገቱን ደፍቶ። እኔ ከጋቢው ወዲህ ከሴቶቹ ጋር፤ ትርንጎም ጎኔ።

«ዘይነባ፣ ኑርሁሴንን ለማግባት ፈቅደሻል?»

ምላሴ ተጣበቀ። እኔ! አፏ የማያርፍ የተባልኩት! ያኔ ልጅ ሆኜ፣ ኩታ ተከናንቤ፣ ሌሎች ስለኔ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ሴቶቹ «ዝም አለች፣ ፈቅዳለች» ሲሉ። አልፈቀድኩም ነበር። አልጠላሁምም። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ትርንጎ በክርኗ ጎሸመችኝ። «እሳት ልጭር ስመጣ ግማሽ ቀን የምታስቆሚኝ!»

«ልጄ፣ ዝምታ ዛሬ አይበቃም» አሉ ሸሁ። ቁጣ የለባቸውም። «አይ ብትዪም እሰማሻለሁ።»

በጋቢው ቀዳዳ አየሁት። ዓይኑ መሬት ላይ ነው። የሚጠብቅ ሰው ነው… እኔን የሚጠብቅ።

«ፈቅጃለሁ» አልኩ። ድምፄ ጮክ አለ፣ ራሴን አስደነገጠኝ። «መህሬን፣ ጥሎሼን ግን እኔ ልናገር።»

«ተናገሪ።»

«ያችን ቁራጭ ሙሉ ሸማ ያድርግልኝ። ጥጡን ራሱ ይዳምጥ፣ ፍሬውን ያውጣ። ክሩን እኔ እፈትላለሁ። ሸማው የኔ ነው፣ አይሸጥም።»

ምስክሮቹ ሳቁ። ወንድ ጥጥ ሲዳምጥ! ሸሁ ፂማቸውን ያዙ። ጠይቀው ሳይጨርሱ ኑርሁሴን «ተቀብያለሁ» አለ።

ጋቢውን አወረድኩት። አጥቤ አሰጣሁት፤ ከወንዙ ራቅ አድርጌ።

ሰኔ ፲፩

ዝናቡ ገብቷል። ትርንጎ ጧት እሳቷን ጭራ ሄደች፤ አያ ጌጡ እያነከሱም ቢሆን ጎመናቸውን ይኮተኩታሉ።

ኑርሁሴን ጥጡን ሲዳምጥ መዳፉ ውሃ ቋጠረ። «ይኼን ሁሉ ዘመን እንዲህ ኖሯል?» አለኝ። «እንዴት መስሎህ ነበር?» አልኩት። አንተ አልኩት! ከኒካሁ ወዲህ አፌ እንዲህ ለምዷል፣ እሱም አልተቆጣም።

ዛሬ ቁራጯ ላይ ቀጥሎ እየሠራ ነበር። እኔ አጠገቡ ባዘቶ አሳሳለሁ። ድሩ ጠቅ አለ፣ ተበጠሰ። እንዝርቴን ያዝኩ። ትከሻዬ ራሱ ተሰበሰበ፣ የለመደ ነው… ጠበቅሁ።

መወርወሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ» አለ። ከዚያ፣ «ዘይኔ፣ እኔው ሳብኩት መሰለኝ።»

ልመልስለት የምችለው ስንት ነገር ነበር! የሃያ ዓመት መልስ አለኝ።

ዝም አልኩ። በፈቃዴ።